ከውጭ የሚመጡ ሚሲዮናውያንን ለምንቀበል የባሕር ዳር አባላት፦ ጥያቄና መልስ

ቤት ለምታፈላልጉ፣ ለምታስተናግዱና አማርኛ ለምታስተምሩ ሁሉ መድረኩ ተከፍቷል። የሚመልሱልን አዲስ ገቢዎችን በማስተማርና በማላመድ የምናውቃቸው መምህር ናቸው። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተመለሰውን አንብቡ።

ሽምብጥ፦ ሰላም መምህር። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር በመስከረም ይገባሉ። ቤት ስናይ ምኑን እንይ?

መምህር፦ መጀመሪያ ውሃውን። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ። ለአራት ሰው ቢያንስ 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ከሻወሩ በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ይሁን። መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ያለ ፓምፕ አይሠራም፤ ፓምፑ ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይቆማል። ቆጣሪው ለብቻው ይሁን። ፍሪጁ በስታቢላይዘር ይሰካ፤ ሞተሩን የሚያቃጥለው መብራቱ ሲመለስ የሚዋዥቀው ኃይል ነው። መስኮቱ ወንፊት፣ አልጋው አጎበር ይኑረው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ ልጅ ካተኮሰው ዕለቱን ደሙ ይታይ፤ ጉንፋን ነው ብሎ ማሳደር የለም። ልጆቹም ሐይቁ ውስጥ አይግቡ።

ግሽ ዓባይ፦ የሚጠጣ ውሃ ስንት ደቂቃ ይፍላ? እኛ ቤት 20 ደቂቃ ነው።

መምህር፦ ከሰሉን ነው የምታባክኑት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ እሱም ይበቃል። ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ የሚባለው ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ነው። ውሃው የሚበላሸው ከፈላ በኋላ፣ ክፍት ባልዲ ውስጥ ኩባያ እየተነከረ ሲጨለፍ ነው። አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ ይገልበጥ፣ እየተቀዳ ይጠጣ።

አባይ ማዶ፦ መምህር፣ የማስተምራት እህት ስድስት ወር ሆናት። ብዙ ቃል ታውቃለች፣ ፊደልም ታነባለች፣ ገበያ ስትወጣ ግን ሰው አይረዳትም። ስሕተቱ የት ነው?

መምህር፦ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ሁለት ቦታ ፈልጊ።

አንደኛው ድምፅ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ከነጮቹ አፍ ተ፣ ከ፣ ቸ፣ ሰ ሆነው ይወጣሉ። «ጌታ መጣ» ልትል «ጌታ መታ» ትላለች። «ጸጋ» ስትል ሰሚው «ሰጋ» ይሰማል። መቶ ጊዜ «ከእኔ በኋላ ድገሚ» ማለት አያስተካክለውም፣ ጆሮዋ ልዩነቱን አይለየውምና። እንዲህ አድርጊ፦ ከባድ ጆንያ እንደምታነሣ ሰው ትንፋሿን ጉሮሮዋ ላይ ትዝጋ። ትንፋሹን ሳትለቅ ምላሷን ለተ አስቀምጣ ትፈንጥቀው። ጠ ይወጣል። ማረጋገጫው ከከንፈሯ ፊት የተያዘ ስስ ወረቀት ነው፤ ተ ስትል ወረቀቱ ይርገበገባል፣ ጠ ሲሆን እምብዛም አይንቀሳቀስም። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ጥንድ ጥንድ ቃል ብቻ። በላቲን ፊደል የጻፈችውን ማስታወሻ ከፊቷ አንሺው፤ ጠንም ተንም በአንድ ፊደል ስለምትጽፍ ስሕተቱን ራሷ ታጠናዋለች።

ሁለተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም፣ እኛም በልማድ ስለምናነበው መኖሩን እንረሳዋለን። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። «ይመታል» ላልቶ መቺው፣ ጠብቆ ተመቺው ነው። እሷ ሁሉንም አላልታ ነው የምታነበው። ደብተሯ ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ሁለት ነጥብ አድርጊ፣ ያለ ነጥብ አዲስ ቃል አይግባ።

ደግሞ ከማን ጋር እንደምትውል እዪ። ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ብቻ ከሆነ የምታውቀው ትእዛዝ «ነይ፣ ውሰጂ፣ ዝጊው» ነው፤ ያንኑ ይዛ ቄስ ፊት ትቆማለች። «ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይውሰዱ» የሚለውን በመጀመሪያው ወር ትማር። በቀን ሁለት ሰዓት ትምህርት፣ ሦስት ሰዓት ውጭ ከሽማግሌና ከእናቶች ጋር። ከዓመት በፊት ስብከት አይሰጣት።

ዘንዘልማ፦ ዓመት በዛ መምህር። ላኪዎቹ ሪፖርት ይጠይቃሉ። አስተርጓሚ ይዛ ብትጀምር ምን አለበት?

መምህር፦ አስተርጓሚ ያለው ሰው መማር ያቆማል። ከከተማችን ማዶ ጎርጎራ ያለውን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ፍርስራሽ ተመልከት። ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በፈረንጆች 1603 ገብቶ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፣ ታግሦ እስከ ዕለተ ሞቱ 1622 ቆየ። ከእሱ በኋላ በ1625 የመጣው የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ልለውጥ አለ። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1632፣ ካቶሊክ ሆነው የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ግሽ ዓባይ፦ ይቅርታ መምህር፣ ይህ የቋንቋ ታሪክ ብቻ አይደለም። ደም ፈስሶበታል። ፓኤዝም ቢሆን ንጉሡን ካቶሊክ ያደረገው እሱ ነው፤ አማርኛ ማወቁ ነው እንዲያውም ያስቻለው።

ዘንዘልማ፦ እኛ የምንቀበላቸው ክሊኒክና ትምህርት ቤት ለመሥራት የመጡ ናቸው። ከ400 ዓመት በፊት ከነበሩት ጋር ምን አገናኛቸው?

ግሽ ዓባይ፦ ጎረቤቱ ያገናኛቸዋላ። እናቴ ፈረንጅና ስብከት አንድ ላይ ስትሰማ የምታስታውሰው ያንን ነው።

መምህር፦ ግሽ ዓባይ እውነቱን ነው፣ ደሙን መተዌ ልክ አልነበረም። አዲስ ገቢ ሁሉ ያንን ታሪክ ከመጀመሪያው ሳምንት ይወቅ። ሌላውን ክርክር በሌላ ቀን። ቀጣይ ጥያቄ።

ቀበሌ 14፦ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድስ?

መምህር፦ የጋባዡ ድርጅት ሥራ ነው፣ እሱን ጠይቁ። ፈቃዱ ከሚያልቅበት ቀን ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ አስታውሱት።

አዲስ አባል፦ ሚሲዮናዊ በባሕር ዳር ኑሮው እንዴት ነው?

መምህር፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ስለ ቤት ነው? ስለ ምግብ? ስለ ልጆች ትምህርት? ለይተህ ጠይቅ ወንድሜ።

ሽምብጥ፦ ጎረቤት ሲጋብዙ ምን ያቅርቡ?

መምህር፦ ረቡዕና ዓርብ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ዓሣ የሚበላም የማይበላም ጿሚ ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የቀጠሮው ሰዓት በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይነጋገሩ፤ የእኛ ሦስት ሰዓት ጠዋት የእነሱ ዘጠኝ ነው። ለቅሶ ግን ጥሪ አይጠበቅም። ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

አዲስ አባል፦ እሺ መምህር፣ በጀልባ ገዳም ሲሄዱ መሐል ላይ ቢዋኙስ?

መምህር፦ ሐይቁ ውስጥ አይገባም ብዬ ጽፌያለሁ። ጥልቁ መሐል ከዳርቻው ይሻላል፤ ግን ሁሉም የሚገባውም የሚወጣውም በዳር፣ በደንገሉ በኩል ነው፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም እዚያው ነው ያለው። ተባዩ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ በፎጣ መድረቅ አያድንም። ለገዳሙ ደግሞ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገባሉ። ጫማ ይወለቃል።

ሽምብጥ፦ ባለፈው የመጡት ልጆች ግን ገብተው ነበር። በማግስቱ የቢልሃርዚያውን ኪኒን፣ ፕራዚኳንቴልን፣ ወስደዋል፣ አሁን ነፃ ናቸው አይደል?

መምህር፦ አይደሉም። ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል እንጂ ለጋውን በደንብ አይገድልም፤ የማግስቱ ኪኒን ከንቱ ነው። የሰገራ ምርመራም ቶሎ ከተደረገ እንቁላሉ ገና ስላልወጣ ነፃ ነህ ይላል። የገቡበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆጥራችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ መጠኑን በክብደታቸው ለክቶ ይሰጣቸዋል። እስከዚያው ትኩሳት፣ ሳል ወይም የቆዳ ሽፍታ ከመጣ ቀኑን አትጠብቁ፣ ሐይቅ መግባታቸውንም ለሐኪሙ ንገሩት።