ቻርጅ ይቀድማል ወይስ መጠን?

እህቴ፣ «ማግኒዥየም ኦክሳይድ ከገበታ ጨው ይህን ያህል የሚጠነክረው በቻርጁ ነው ወይስ በአዮኖቹ መጠን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱም አሉበት፤ ቻርጁ ግን ይቀድማል። (አዮን ማለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወይም ተቀብሎ ቻርጅ ያገኘ አቶም ነው፤ የገበታ ጨው ደግሞ ሶዲየም ክሎራይድ ነው።)

እዚህ ጅማ 11ኛና 12ኛ ክፍሎችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። «ትንሽ አዮን፣ ጠንካራ ቦንድ (ትስስር)» የምትለዋን ሁሉም ሸምድዶ ይመጣል። ቻርጁን ግን ዘለው ያልፉታል።

የኩሎምብን ሕግ አስቢ። የስበቱ ኢነርጂ የሚገኘው ሁለቱ ቻርጆች ተባዝተው ለርቀቱ ሲካፈሉ ነው። በጨው 1 በ1 ያው 1 ነው፤ በማግኒዥየም ኦክሳይድ 2 በ2 ግን 4። ርቀቱ ደግሞ ከውህድ ውህድ ብዙውን ጊዜ እጥፍ እንኳ አይለያይም።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ ሶዲየም ፍሎራይድና ማግኒዥየም ኦክሳይድ ናቸው። አራቱም አዮኖች 10 ኤሌክትሮን ነው ያላቸው። ርቀቱም ይቀራረባል፤ 231 እና 211 ፒኮሜትር ገደማ። ላቲስ ኢነርጂያቸው (የጠጣሩን አዮኖች ፈጽሞ ለመለያየት የሚያስፈልገው ኢነርጂ) ግን የሶዲየም ፍሎራይዱ ወደ 920፣ የማግኒዥየም ኦክሳይዱ ወደ 3,800 ኪሎጁል በሞል ነው። አራት እጥፍ! ቻርጁ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ቻርጁ እኩል ሲሆን ነው መጠን ወሳኝ የሚሆነው። ሶዲየምን ከፍሎራይድ፣ ከክሎራይድ፣ ከብሮማይድና ከአዮዳይድ ጋር አጣምሪ፤ መቅለጫቸው ከ993 ወደ 801፣ 747፣ 661 ዲግሪ ይወርዳል። (ጨው ቡና በምንቆላበት ከሰል ላይ ቢጣል ሲንጣጣ ትሰሚያለሽ እንጂ ሲቀልጥ አታይም።)

አንድ ሰው ከታች «የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነት ነው» ብሏል፤ አቶሞቹ የቦንዱን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሳቸው በመሳብ አቅም መለያየታቸው ነው ማለቱ ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና አልስማማም። ልዩነቱ ቦንዱ ምን ያህል አዮኒክ እንደሆነ ይነግረናል፤ ምን ያህል እንደሚጠነክር ግን አይነግረንም። በልዩነት ሲዚየም ፍሎራይድን የሚያህል የለም፤ ግን 700 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከተራው ጨው በታች። ሲዚየም ግዙፍ ነዋ!

መቅለጫውንም ቢሆን በጭፍን አትመኚው። የሊትየም ክሎራይድ ላቲስ ኢነርጂ ከጨው ይበልጣል፤ የሚቀልጠው ግን 610 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትንሿ ሊትየም የክሎራይዱን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሷ ስለምትስብ ቦንዱ የኮቫለንት (ኤሌክትሮን የመጋራት) ጠባይ ይቀላቀልበታል። ስለዚህ ጥንካሬ ስትጠየቂ ላቲስ ኢነርጂውን ያዢ።

ፈተና ላይ መጀመሪያ ቻርጆቹን አባዢ። እኩል ከሆኑ ብቻ ወደ መጠን እለፊ። የካልሲየም ኦክሳይድ ላቲስ ኢነርጂ ከማግኒዥየም ኦክሳይድ የሚያንሰው በዚሁ ነው፤ ቻርጁ ያው ነው፣ ካልሲየም ግን ተለቅ ይላል።