መኪናዋ ከሄደች በኋላ

ልጆቼ፣

እኔ ደሴ ውስጥ በቀበሌ አዳራሽ ወንበር እየደረደርኩ ነው ያደግኩት። በደርግ ጊዜ ኪነት የሚባል የዘፈንና የድራማ ቡድን የሌለው ቀበሌ አልነበረም። የወሎ ላሊበላ ኪነት እነ ማሪቱ ለገሠን ይዞ ሲመጣማ፣ እኛ ትንንሾቹ በመስኮት ተንጠልጥለን ነበር የምናየው። ከዚያ ወዲህ አንዴ መድረክ ላይ፣ አንዴ ከመጋረጃ ጀርባ ስል አረጀሁ። ባለፈው መጥታችሁ "ጋሼ፣ በድራማ ስለ ሰብአዊ መብት ልንሠራ ነው፣ ምን ይመክሩናል?" ስትሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያበላሸሁት ሥራ ነው።

ከሐይቅ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ነው። አንድ አስተማሪ የ14 ዓመት ተማሪው ልትዳር እንደሆነ ነገረን። እኛም ጎበዞች ነን፣ በሳምንት ድራማ አደረግነው። ስሟን ቀየርን። አባትየው ግን ያነክሱ ነበርና አባት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ እያነከሰ ወጣ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ደግሞ አንገት ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ዞረ። አባትየው እዚያ ቆመዋል። እኛ "ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይቁም!" ብለን ጮኽን፣ ተጨበጨበልን፣ አበላችንን ፈርመን በመኪና ወደ ደሴ ተመለስን። በማግሥቱ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ቆላ ዘመድ ጋ ወስደዋት፣ ድግሱም እዚያው በሰደቃ ስም ተደገሰ። ሠርግ ሰደቃ ወይም ተዝካር ተብሎ እንደሚደበቅ እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። የቀበሌው ሰው ሁሉ ግን ያውቅ ነበር።

ሕጉማ ከእኛ ጋር ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ የለም ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያሳስራል። አንቀጹን በቃላችን አነብንበን ወረድን። ያን ማታ ልጅቷ ማን ቤት እንደምታድር ግን ያሰበ አልነበረም።

በኋላ ስለ ብራዚላዊው የቴአትር ሰው ስለ አውጉስቶ ቦአል ሳነብ አፈርኩም፣ ተጽናናሁም። እሱና ጓደኞቹ ገጠር ለገጠር እየዞሩ፣ የቴአትር ጠመንጃ ወደ ላይ ይዘው፣ "ለመሬታችን ደማችንን እናፍስስ" እያሉ ይዘምሩ ነበር። አንድ ቀን ቪርጂሊዮ የሚባል ገበሬ እንባው እየወረደ መጣ። "በሉ ጠመንጃችሁን ያዙና መሬታችንን የነጠቀንን ሰው አብረን እናባርር" አላቸው። ጠመንጃው የውሸት ነው አሉት። ግድ የለም፣ ለሁላችሁም የሚሆን እውነተኛ አለን አለ። እኛ ተዋንያን እንጂ ገበሬ አይደለንም አሉ። ያኔ ቪርጂሊዮ ገባው። ይፈስሳል የሚባለው ደም የገበሬው ነው፣ የተዋንያኑ አይደለም። ቦአልም ራሱ የማይደፍረውን ነገር ሌላው እንዲያደርግ በመድረክ መስበኩን ከዚያ በኋላ ተወ።

እሱ ኋላ ፔሩ ውስጥ የጀመረው አሠራር ቀላል ነው። ድራማው ነገሩ እስኪከፋ ይሄድና ይቆማል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ከተመልካቹ "ቁም!" ያለ ሰው ይወጣና የተበዳዩን ቦታ ይዞ የመሰለውን ይሞክራል። የበዳዩን ቦታ መያዝ አይቻልም። በዳይ ባል ሆኖ "ተጸጽቻለሁ" ማለትማ ለማንም ቀላል ነው።

ወረኢሉ በኩል ይህንን ሞከርነው። በድራማው አንዲትን ሴት ባሏ ሊፈታት ነው፣ መሬቱን ሊያስቀርባት ነው። እኛ የጻፍነው መፍትሔ "ፍርድ ቤት ሂጂ" ነበር። አንዲት እናት ተነሡ። "ቁሚ! ፍርድ ቤቱ ወረዳ ነው፣ ፍየሎቼን ማን ይጠብቃል? እኔ መጀመሪያ የይዞታ ደብተሩን ነው የምደብቀው!" ሰዉ ሳቀ። ደብተሩ ላይ እኮ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። ሌላዋ ተቀበለች፣ "የት ትደብቂዋለሽ?" እናቴ ቤት። እናትሽ ቤት መጀመሪያ ነው የሚፈልገው! የቅሬው፣ የእድሩ ማለት ነው፣ ዳኛ ጋ ይቀመጥ። ዳኛው የባልየው አጎት ቢሆንስ? ክርክሩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የእኛ ድራማ 20 ደቂቃ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት መደበቂያ ቦታ የሚባል ጥያቄ በጽሑፋችን ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ ጽሑፍ ከመያዛችሁ በፊት ቁጭ በሉ። የድሮ ገዢዎች እንኳ "እረኛ ምን አለ?" ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ቅሬ ሂዱ፣ ቡና ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹን ለብቻቸው አግኟቸው፣ አደባባይ ላይ የሚሉትና ቡና ላይ የሚሉት አንድ አይደለም። ገበያ መሀል ካልሠራን አትበሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ መሀል ግመል ያሸንፋችኋል። ሰው ግን ታገኛላችሁ፣ ወሬም ታገኛላችሁ። ስፖንሰር የሚያደርጋችሁ ድርጅት የተመልካች ቁጥርና የመጨረሻ መፈክር ይፈልጋል። ቁጥሩን ስጡት። መፈክሩን በትሕትና እምቢ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ። ደሴና ኮምቦልቻ 2014 ዓ.ም. ላይ ጦርነት ያየ አገር ነው። የተደፈረችን ሴት፣ ልጁን የቀበረን አባት በራሱ ሰፈር፣ በራሱ ፊት ድራማ አድርጋችሁ አታሳዩ። ስለ እሱ መናገር ከፈለገ ራሱ ይናገር።

መኪናዋ ከሄደች በኋላ እዚያ የሚቀረውን ሰውም አስቀድማችሁ ፈልጉ። አስተማሪ ይሁን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትሁን፣ በሌሊት በሯን የሚያንኳኩባት ሰው ትኑር። ከሌለች ድራማው ይቆይ።

እኛ አሁን ከመድረክ በፊት ልምምዱን ለአንዲት የሰፈሩ ሴት ለብቻዋ እናሳያለን። ሲያልቅ "ይህንን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?" እንላታለን። አንድ ስም ከጠራች ወደ ልምምድ እንመለሳለን። አምስት ስም ከጠራች ድራማው ደርሷል።