ስለ መጨረሻው ጽሑፍ ጠይቁ፦ የመረጃ አፈላለግን ለምታጠኑ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ተማሪና መምህር ምሁራዊ ጽሑፍን ከየት እንደሚያገኝና ምን እንደሚያደርግበት ለማጥናት የምትነሡ ሁሉ አስቀድማችሁ የምታስቡት መጠይቅ መበተንን ነው። ብዙው ጥናት የሚበላሸውም እዚያው ነው። «ዳታቤዝ ምን ያህል ይጠቀማሉ? ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ በፍጹም» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ያደረገውን ሳይሆን ማድረግ ነበረብኝ የሚለውን ነው። መጠይቁን የሚያድለው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከሆነማ «ሁልጊዜ» የምትለዋ ሳጥን ትሞላለች። ናሙናውን ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የወሰደ ደግሞ ወደዚያ ዝር የማይለውን ሰው ከነጭራሹ አጥቶታል፤ ይበልጥ ልናውቀው የሚገባን ግን እሱን ነው።

ከዚህ የሚሻለው ዘዴ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪንግ በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምረውት፣ ኋላም ከካሮል ቴኖፒር ጋር ለዐሥርት ዓመታት የቀጠሉት የሳይንቲስቶች የንባብ ጥናት ዋናው ጥያቄ ስለ ልማድ አልነበረም። መጨረሻ ስላነበቡት አንድ ጽሑፍ ነበር የሚጠይቁት። ለአንድ ጽሑፍ የሚሰጠው ጊዜ በ1977 ከነበረበት 48 ደቂቃ ገደማ በ2005 ወደ 31 ደቂቃ መውረዱን ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው። በዓመት የሚነበበው ጽሑፍ ቁጥር ግን ጨምሯል።

እናንተም ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ሰውየው ስልኩን ወይም ላፕቶፑን ይክፈት። የዳውንሎድ ማኅደሩን በቀን ቅደም ተከተል ይደርድርና ካነበባቸው ውስጥ የቅርቡን ይምረጥ። ከዚያ በዝርዝር ግቡ፦ መኖሩን በምን ዐወቀ? ፋይሉን ከየት አገኘ? ምን ያህሉን አነበበ? መጀመሪያ የከፈተው የትኛውን ክፍል ነው? በጽሑፉስ ምን ሠራበት? «ለምን» የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ቀድሞ ከመጣ ሰው ለራሱ ጥሩ ምክንያት መፈለግ ይጀምራል። ፍለጋውን በዐይናችሁ ለማየት ስትፈልጉም ርእስ ራሳችሁ አትስጡት፤ በሰሞኑ ሥራው ላይ ይፈልግ። ስክሪኑን የምትቀርጹት በጽሑፍ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ነው፤ የመልእክት ማሳወቂያዎችም አስቀድመው ይዘጉ።

የሰርቨር መዝገብ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የትኛው ፋይል መቼ እንደተከፈተ በራሱ የሚይዘው መዝገብ፣ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀርልናል የሚሉ አሉ። አያስቀርም። ካምፓሱ በሙሉ በአንድ የአይፒ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) አድራሻ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ መዝገቡ አንዱን ሰው ከሌላው አይለይም። ሮቦቶች፣ ማለትም ድረ ገጽን በራሳቸው የሚያስሱ ፕሮግራሞች፣ ይጎበኛሉ፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍም አንዱ ተጠቃሚ ያንኑ ፋይል ደጋግሞ ይጫናል። አሳታሚዎች አጠቃቀምን ለመቁጠር የሚከተሉት የካውንተር (COUNTER) ደንብ በ30 ሰከንድ ውስጥ የተደገመን ጠቅታ እንደ አንድ የሚቆጥረው ለዚህ ነው። የእናንተን መዝገብ ግን ራሳችሁ ማጥራት ይኖርባችኋል። ከጠራም በኋላ የሚነግራችሁ መከፈቱን እንጂ መነበቡን አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው ሳይበር (CIBER) የተባለው አጥኚ ቡድን በ2008 ባወጣው ሪፖርት ሰዎች አንድ ሁለት ገጽ አይተው እንደሚወጡ፣ ፋይሉንም ለኋላ ብለው እንደሚያከማቹ አሳይቷል።

በእኛ አገር ደግሞ መዝገቡ ጭራሽ የማያየው ትልቅ መንገድ አለ። አንዱ ያወረደው ፒዲኤፍ በቴሌግራምና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ከየት አገኘኸው?» ሲባል «ኢንተርኔት» ብሎ ከመለሰላችሁ አትለፉት፤ ማን እንደላከለት፣ ጠይቆ ይሁን ሳይጠይቅ እንደተላከለት አጣሩ።

«ፈልጌ አጣሁ» የሚለውንም የሰው ድክመት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ስም በአንዱ ዳታቤዝ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ይገባና የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ይከፈላል። በአማርኛ ሲፈለግ «ሥርዓት» የሚለው ቃል «ስርዓት»፣ «ሥርአት»፣ «ስርአት» ተብሎም ይጻፋል፤ ፊደል ለፊደል ብቻ የሚያመሳስል ሥርዓተ ፍለጋ ካራቱ አንዱን ይዞ ሦስቱን ይተዋል። ስለዚህ በማስታወሻችሁ ላይ የተተየበውን ቃል ከነፊደሉ፣ ሳታርሙ አስፍሩ።

ሰዉን የምታገኙበት ወቅትም ውጤቱን ይለውጠዋል። የረትገርስ ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ኩልታው እንዳሳየችው፣ ፈላጊ ርእስ ሲመርጥ ይደላደልና ወዲያው ንባብ ሲጀምር ግራ መጋባቱ ይብሳል፤ የሚረጋጋው ጥያቄው ሲጠራለት ነው። ፕሮፖዛል ላይ ያለውንና ቴሲሱን የሚያስተካክለውን ተመራቂ በአንድ ሠንጠረዥ ካቀላቀላችሁ አማካዩ ማንንም አይመስልም።

በዕቅዳችሁ ለአንድ ሰዓት የድምፅ ቅጂ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ያዙ። አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ኮድ የምትሰጡት፣ ማለትም የተነገረውን በምድብ የምትለዩት፣ በተነገረበት ቋንቋ ይሁን፤ ትርጉም የሚያስፈልገው ለምትጠቅሱት ብቻ ነው። ተመራማሪው ዴቪድ ኤሊስ በ1989 ያወጣቸውን የመረጃ አፈላለግ ምድቦች፣ ማለትም መጀመር፣ ጥቅስን ተከትሎ መሄድ፣ ማሰስ፣ ማበጠር፣ መከታተልና ማውጣት የሚሉትን፣ ለመነሻ ውሰዱ፤ ጥሩ ናቸው። ግን በቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ይህ ጽሑፍ ያለው?» ብሎ ለምኖ ማግኘትን «ማሰስ» ውስጥ አትክተቱት። የራሱን ምድብ ክፈቱለት፤ መለያውንም ሁለተኛ ሰው በተመሳሳይ መንገድ ሊጠቀምበት እስኪችል ድረስ በግልጽ ጻፉት።