መልስ፦ የምዘና ውጤቱ ከበጀት ጥያቄው ይቅደም

ወንድሜ፣ «ድሬዳዋ ባለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጃችን እቅዱ፣ ምዘናውና በጀቱ ለየብቻ ይሠራሉ፤ እንዴት እናገናኛቸው?» ላልከው፣ ከቀን መቁጠሪያው ጀምሩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል። ጥያቄያችሁ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ፋይናንስ ቢሮ መድረስ አለበት፤ በመጨረሻ የሚያጸድቀው የከተማ አስተዳደሩ ምክር ቤት ነውና። የሰልጣኞች የብቃት ምዘና ውጤት ሰኔ ላይ ከተተነተነ ለዚያ በጀት አይደርስም። ጥር ላይ ከስድስት ወሩ ግምገማ ጋር አብሮ ይታይ።

ትንተናው «ይህን ያህል አለፉ» ብሎ አይቁም። ብየዳ ላይ የወደቁት የትኛው ተግባር ላይ ወደቁ? ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) አጥሮ ልምምድ አጥተው ከሆነ የአላቂ ዕቃ በጀት ነው፤ ማሽን ቆሞ ከሆነ የጥገና፤ አሰልጣኙ ክህሎት ካነሰው የሥልጠና። ከእያንዳንዱ የበጀት ጥያቄ አጠገብ መነሻ የሆነው ግኝት ይጻፍ። በአምናው ላይ ጥቂት ጨምሮ መላክ የተለመደ ቢሆንም ሰልጣኞችን ይበድላል፤ እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

የተፈቀደው በጀት ከጠየቃችሁት ካነሰ (ብዙ ጊዜ ያንሳል) እቅዱ በዚያው ሳምንት ይከለስ። የፋይናንስ ኃላፊውም ያለቀ ሰነድ ከመቀበል ይልቅ ከመጀመሪያው የእቅድ ስብሰባ ጀምሮ አብሮ ይቀመጥ።