መልስ፦ «ሲኒማ ፓራዲሶ» የተባለው የጣሊያን ፊልም ሁለት ዓይነት ርዝመት አለው፣ የቱን እናስቀድም?

አጭሩን አስቀድሙ። 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ የሚለው ፋይል እንደጠረጠርከው ጎዶሎ አይደለም፣ ሳንሱርም አልነካውም። ፊልሙ እንደ ፈረንጆቹ በ1988 ጣሊያን ውስጥ ከዚህ ረዘም ብሎ ሲወጣ ተመልካች አጣ። ከዚያ አሳጥረው ለዓለም ለቀቁት። በ1990 የምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካርን የወሰደው ይኸው አጭሩ ነው።

ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋው ደግሞ ዳይሬክተሩ ጁሴፔ ቶርናቶሬ የተቆረጠውን መልሶ ያስገባበት ነው። ዋናው ጭማሪ ወደ መጨረሻው ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሳልቫቶሬ ታዋቂ ዳይሬክተር ሆኖ ሲሲሊ ከተመለሰ በኋላ። የፍቅሩ ጉዳይ መልስ የሚያገኘው እዚያ ነው። ግን መልሱ የሲኒማ ቤቱን ፊልም አጫዋች አልፍሬዶን የሚነካ ነገር አለው። ሽማግሌውን መጀመሪያ በደንብ ውደደው። (እኔ እስካሁን ከሰውዬው ጋር አልታረቅኩም።)

ከእጮኛህ ጋር ስታዩት የቄሱን ትዕይንት ልብ በሉ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ መሳሳም በመጣ ቁጥር ይቆረጥ ለማለት ደወል ያቃጭላል። አልፍሬዶ ደግሞ ከላይ ማሳያ ክፍሉ ሆኖ የሚቆረጠው ቦታ እንዳይጠፋው የፊልም ጥቅሉ መሃል ወረቀት ይሰካል። ቀልድ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ለሁለቱም አንድ ሰብታይትል አይሠራም። የአጭሩን ረጅሙ ላይ ብትጭነው መጀመሪያ የገጠመ ይመስልሃል፤ ትዕይንት በተጨመረ ቁጥር ግን እየተዛነፈ ይሄዳል። ሰከንድ ወደፊት ወደኋላ ማድረግም አያድነውም። ስለዚህ ስታወርድ ለየትኛው ርዝመት እንደተሠራ አስቀድመህ እይ።