ቁመታቸው ላሳሰባቸው ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

አሜሪካ ሃይስኩል ውስጥ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። አሁን አሁን የኛ ልጆችም ሄልሜት አጥልቀው የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ሲገቡ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ ግን ሰውነታችሁ ያንሳል ብላችሁ ገና ሳትጀምሩት ተስፋ ትቆርጣላችሁ።

ስለ ፉትቦል ተጫዋቹ ሳም ሚልስ ልንገራችሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነበር። ቦታው ላይንባከር ነው። ላይንባከር ከመከላከያው የፊት መስመር ጀርባ ቆሞ፣ ኳሱ በሩጫ ይምጣ በቅብብል በቅጽበት መለየት አለበት። የተጫወተው ኒው ጀርሲ፣ ሞንትክሌር ስቴት በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። በፈረንጆቹ 1981 በድራፍቱ፣ ማለትም ትልልቆቹ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ጊዜ፣ ማንም አልመረጠውም። የክሊቭላንድ ቡድን ሞክሮ አሰናበተው። ቶሮንቶም እንደዚያው።

ከዚያ ኢስት ኦሬንጅ ሃይስኩል ገብቶ ፎቶግራፍ አስተማረ፤ ልጆችም አሰለጠነ። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከታሪኩ ሁሉ ይህችን አብልጬ እወዳታለሁ። ኮሌጅ የገባው ለኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንን ክፍል ማን ይሰጠው ነበር? ትምህርታችሁን «ኳሱ ካልሆነ» ብላችሁ ዳር አታስቀምጡት።

በ1983 ዩኤስኤፍኤል የሚባል አዲስ ሊግ ሲጀመር ፊላዴልፊያ ስታርስ ወሰደው። አሰልጣኙ ጂም ሞራ በ1986 ወደ ኒው ኦርሊንስ ቡድን ሲሄድ ይዞት ሄደ። እንዲህ ሆኖ ነው ትልቁ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ የገባው። አምስት ጊዜ የሊጉ ምርጦች ለሚጠሩበት ፕሮቦውል ተመረጠ፤ የመጨረሻው ካሮላይና ቡድን እያለ፣ በ37 ዓመቱ ነው። በ2005 በካንሰር አረፈ፤ በ2022 ስሙ ከታላላቆቹ ተርታ፣ ሆል ኦፍ ፌም ገባ።

እግሩ ከሁሉም ፈጥኖ አይደለም። ቀድሞ ያይ ነበር። እናንተም ይህንን ልመዱ። የጨዋታ ቪዲዮ ስታዩ ዓይናችሁ ኳሱን አይከተል። ፊት ለፊታችሁ ያጎነበሰውን ጋርድ፣ የአጥቂውን ቡድን የፊት መስመር ተጫዋች፣ እዩት። ክብደቱን መሬት የነካው እጁ ላይ ጥሎ የጣቶቹ አንጓ ከነጣ፣ ወደፊት ሊገፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሩጫ ይከተላል። እጁ ቀለል ብሎ ወደ ተረከዙ ከተቀመጠ፣ ኳሱን የሚወረውረውን ኳርተርባክ ሊጠብቅ ነው። ሁሌ አይሠራም፤ ጎበዝ ጋርድ ያታልላል። ግን ደጋግሞ ያየ ልጅ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ይህን ደግሞ አጭርም ረጅምም ይማረዋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በጭንቅላት ነው፤ የላይንባከር ጭንቅላት ደግሞ ብዙ ይመታል። እዚያው ካሮላይና የተጫወተው ሉክ ኪክሊ በ2013 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ነበር። ደጋግሞ ጭንቅላቱ ከተመታ በኋላ፣ በጥር 2020፣ ገና በ28 ዓመቱ በቃኝ አለ። ያን ሁሉ ገንዘብና ዝና ትቶ! ስለዚህ ከግጭት በኋላ ካዞራችሁ፣ ብርሃን ካስጠላችሁ፣ ጨዋታው ምንም ያህል ወሳኝ ቢሆን ውጡ። ለአሰልጣኙ መናገር ከከበዳችሁ ለእናታችሁ ንገሯት፤ እሷ ትናገርላችኋለች።