ለሐይቅ ከተማዋ እህታችን፦ ወንድምሽ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ይግባ ወይ?

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽ እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ወንድሟ ባጃጅ ተገልብጦበት ቅልጥሙ ከተሰበረ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ጀሶ ታሰረለት፣ ከዚያ ብረት ገባለት። አሁንም ሲረግጥ ያመዋል። ሐኪሙ «አጥንቱ አልገጠመም፤ ከዳሌህ አጥንት ወስደን እንደገና እንሠራዋለን» አለው። ዘመድ ደግሞ «ሁለተኛ አይቀደድ፤ ወጌሻ ይየው» ይላል።

እኔ ኮምቦልቻ ጭነት ሳወርድ ነው የተሰበርኩት። ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ፣ እዚያው ቅልጥሜ ላይ። የእኔም አልገጥም ብሎ ከዳሌዬ አጥንት ተወስዶ ነው የዳነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትንና ሐኪሞቼን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምነግርሽ።

መልሴ ይሠራ ነው። ግን ከመፈረሙ በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ለምንድን ነው ያልገጠመው?» ቀዶ ሕክምናው የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ቅልጥም በተለይ ወደታች ሲሆን አስቸጋሪ አጥንት ነው። ፊት ለፊቱን በእጅሽ ብትነኪው ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ነው። ሥጋ ስለሌለው የሚደርሰው ደም ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ሐኪሞች «አልገጠመም» የሚሉት 9 ወር ገደማ አልፎ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ራጁ ላይ ምንም ለውጥ ሲጠፋ ነው።

ምክንያቱ አንዳንዴ ብረቱ አጥብቆ አለመያዙ ነው። እንዲህ ሲሆን አጥንቱ አዲስ አጥንት ያወጣል፣ ጫፎቹ ይወፍራሉ፤ ስለሚንቀሳቀስ ግን አይያያዝም። እዚህ ላይ ዋናው ሥራ ማጥበቅ ነው። የቆየው ብረት ይወጣና የአጥንቱ ውስጥ ተፍቆ ወፍራም ዘንግ ይገባል፤ ወይም ፕሌት የሚባል ጠንካራ ጠፍጣፋ ብረት ይታሰራል። ከዳሌ መውሰድ ላያስፈልግም ይችላል።

የእኔ ሌላ ነበር። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አሳየኝ። በተሰበረው አጥንት ሁለት ክፍሎች መሀል ጥቁር መስመር አለ፤ ጫፎቻቸው እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾለዋል። አዲስ አጥንት የሚባል ነገር ዙሪያው ላይ የለም። «ይሄ ተኝቷል፤ መቀስቀስ አለብን» አለኝ። ደም እስኪታይ ድረስ ጫፎቹን ጠረጉት። ከዚያ ከቀበቶ ሥር በእጅ ከሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ውስጥ ለስላሳውን ፍቀው ክፍተቱን ሞሉት። በሕይወት ያለ የራስ አጥንት ስለሆነ እንደ ዘርም እንደ ምግብም ያገለግላል። ከቅልጥሙ ጎን ያለችው ቀጭኗ አጥንት ቀድማ ገጥማ ስለነበር ከእሷም ትንሽ ቆረጡ። እሷ ቀጥ ብላ ስትቆም ትልቁ አጥንት እርስ በርሱ እንዳይጠጋ ትከለክለዋለች።

ወንድምሽ አስቀድሞ ይወቅ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእግሩ ይልቅ ዳሌው ሊያመው ይችላል። እኔ ስስቅና ስስል እንኳ ዳሌዬን ነበር የምይዘው። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ከሁሉም የሚከብደው ኢንፌክሽን ሲኖር ነው። ቁስሉ ይመግላል? እየደረቀ መልሶ ይከፈታል? ይህን ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። መግል ባይኖርም የደም ምርመራ ይሠራለት። ኢንፌክሽን ካለ ብረቱ ይወጣል፣ የሞተው አጥንት ይቆረጣል፣ ናሙና ተመርምሮ ትክክለኛው መድኃኒት ይሰጠዋል። ጀርሙ ሳይጠፋ ከዳሌ የተወሰደ አጥንት ቢጨመር ይባክናል። ስለዚህ ሥራው በሁለት ዙር ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጡ።

ጎኔ የተኙ አንድ የደላንታ አባት እንዲህ ነበሩ። እግራቸው ዙሪያውን በክብ ብረትና በቀጫጭን ሽቦ ተይዟል። ኢሊዛሮቭ ይሉታል፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ ኩርጋን ውስጥ ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው የጀመረው። የሞተው አጥንት ከተቆረጠ በኋላ ደህናው ክፍል ሌላ ቦታ ላይ ይከፈልና በቀን 1 ሚሊሜትር እየተጎተተ አዲስ አጥንት ከኋላው ያድጋል። ልጃቸው በትንሽ ቁልፍ ብሎኑን በቀን አራቴ ሩብ ሩብ ሚሊሜትር ያዞር ነበር። ሰዓቱን እንዳይረሳ ከሱብሂ፣ ከዙሁር፣ ከአስርና ከኢሻ ሶላት በኋላ አደረገው። በየሽቦው ሥር ያለውን ቆዳ በንጹህ ጎዝ አንድ በአንድ ይጠርጋል። ወራት የሚፈጅ፣ ትዕግስት የሚፈትን ሕክምና ነው። ቤተሰብ ከሌለ ይከብዳል።

ስለ ወጌሻው። ሰዎቹን አላንቋሽሽም፤ እኛም በነሱ እጅ አድገናል። ግን ውስጡ ብረት ያለበትን፣ ዓመት ሙሉ ያልገጠመ አጥንት በማሸት ማስገጠም አይቻልም። አጥብቆ ማሰሩ ደግሞ ደም ዘግቶ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። በአገራችን በዚህ እግሩን ያጣ ብዙ ነው። እባካችሁ በዚህ በኩል ለዘመድ ይሉኝታ አትያዙ።

ሲጋራ ያጨሳል? ዛሬውኑ ያቁም። በርጫ ላይ ብቻ የምትጨሰውም ትቆጠራለች። ኒኮቲን ደም ሥር ያጠብባል፤ አጥንት እንዳይገጥም ከሚያደርጉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ስኳር ካለበት ይስተካከል። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛ የሚውጥ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገረው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ መግጠሙን እንዳያዘገይ ይሰጋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ ይብላ፤ ፀሐይ ይሙቅ።

የጤና መድህን ካላችሁ የሪፈር ሰንሰለቱን ጠብቁ። የትኛው ዕቃ እንደሚሸፈን፣ የትኛው ከውጭ እንደሚገዛ ከቀጠሮው በፊት ጠይቁ። ለድሃ አገር ሆስፒታሎች የውስጥ ዘንግ የሚለግስ ሳይን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ፤ «ሳይን ኔል» የሚባለው ዘንጉ ኢትዮጵያ ውስጥም ይሠራበታል። «የሳይን ኔል አላችሁ?» ማለት ነውር የለውም። ደሴ ላይ የማይሠራ ከሆነ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም አቤት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላችሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሉትን ራጆች በሙሉ ያዙ። የድሮው ከሌለ ለውጥ መኖሩን ማንም ማወቅ አይችልም።

ከወጣ በኋላ መቼ እንደሚረግጥ ሐኪሙ ነው የሚወስነው። ትኩሳት ወይም መግል ካየ፣ ባቱ ካበጠ ወይም ደረቱን ወግቶት ትንፋሽ ካጠረው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይሂድ። ለቤት ደግሞ መሀሉ የተቀደደ የፕላስቲክ ወንበር አዘጋጂለት፤ ቁጢጥ ማለት ስለማይችል ሽንት ቤት ይቸገራል። ምክንያቱን ጠይቃችሁ ሐኪሙ ያላችሁን እዚሁ ጻፊልኝ፤ በዚያው እንቀጥላለን።